ስለ ሁለተኛው ሸክላ የተጻፈው

ሀል፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1981

ይድረስ ለአጎቴ ለክሊፎርድ ማርፍሊት፣

እንደምን ከርመዋል? አክስቴ ኤድናስ? ባለፈው ደብዳቤዎ የፍሪማንትል ሙቀት እንቅልፍ እንደነሳችሁ ጽፈው ነበር። እዚህ ቧንቧው በረዶ ሆኖ ሁለት ቀን ውሃ ከጎረቤት ስንቀዳ ሰነበትን። እናቴ ደህና ናት። ዳሌዋን ያማታል፤ ስትጠየቅ ግን «ማንን? እኔን?» ትላለች።

ሁለተኛው ሸክላችን አለቀ። ዘጠኝ ዘፈን፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ። «እርጥብ ግድግዳ» ብለነዋል። ትሬቨር፣ ጊታር መቺው፣ እርስዎ እዚህ ሳሉ «ይሄ ልጅ ይበላል ወይ?» ያሉት ቀጭኑ፣ በሕይወቱ እንዲህ ፈጥኖ መትቶ እንደማያውቅ ይናገራል። እኔም እንደዚያ ፈጥኜ ዘፍኜ አላውቅም። ድምፁ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ብለን ትልቁን ሸክላ በትንሹ ሸክላ ፍጥነት፣ በደቂቃ አርባ አምስት ዙር አስቀረጽነው። ስለዚህ ሲደርስዎ ማጫወቻዎን አርባ አምስት ላይ ያድርጉት፤ እንደ ሌሎቹ ትልልቅ ሸክሎች በሠላሳ ሦስት እንዳያዞሩት። የላክሁልዎ የሙከራ ቅጂ ስለሆነ መሃሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት ባዶ ነው። በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ። በመርከብ ስለላክሁት መቼ እንደሚደርስ እንጃ።

ለጋዜጦቹም እንደዚሁ ሠላሳ የሙከራ ቅጂ ልከናል። ፖስታውን ያሸግሁት እኔ ነኝ፤ ምላሴ እስካሁን ሙጫ ሙጫ ይለኛል። በሁሉም ላይ ፍጥነቱን ልጽፍ ስጀምር ትሬቨር «ለጋዜጠኛ ደግሞ ምን ይጻፍለታል፣ ሥራው አይደል እንዴ?» አለኝ። እጄም ደክሞ ነበርና ተውኩት።

የመጀመሪያው ሸክላ ሲወጣ የለንደኑ ሳምንታዊ ጋዜጣ ምን እንዳለኝ አይረሱትም፦ «ገበያ ሊፈታ ሲል የምትጮህ ዓሣ ሻጭ»። የሸክላ ኩባንያው ባለቤት ሮላንድ ያንን ገጽ እስካሁን ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። «ይሄኛውም በአንቺ ድምፅ ከተሰደበ ሌላ ዘፋኝ ነው የምንፈልገው» ብሎኛል፣ ፊት ለፊት። እንግዲህ የሚጻፈውን እንጠብቃለን።

ለአክስቴ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

የእህትዎ ልጅ ዴኒዝ


ፍሪማንትል፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1981

ለእህቴ ልጅ ለዴኒዝ፣

ሠላሳ ዓመት በማዕበል ላይ የጠበቀኝ አምላክ አንቺንና እናትሽን በየብስ ይጠብቃችሁ። እኛ ደህና ነን። ኤድና ሙቀቱን ለምዳዋለች፣ እኔ አለመድኩትም፤ እንደማልለምደውም ነግሬያታለሁ።

ፈጣን ነው ማለትሽን አልወደድኩትም። የሚቸኩል ዘፋኝ የቃሉን መጨረሻ ይበላዋል። ይህን በጸሎት ቤቱ መዘምራን ሳላችሁ ስንት ጊዜ እንደነገርኳችሁ ታስታውሻለሽ። ሳልሰማው ግን አልፈርድም።

ጋዜጣው ሲወጣ ገጹን ቆርጠሽ በአውሮፕላን ላኪልኝ። እዚህ የእናንተ ጋዜጣ በመርከብ ነው የሚመጣው፤ ሲደርስ ዜናው ይሻግታል። እዚህ ያሉት መዘምራኖቼ ስለ አንቺ ሰምተዋል። ስምንት ናቸው፤ አራቱ ጆሯቸው ይሰማል።

እናትሽን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። «ማንን? እኔን?» ስትል ኮቷን አልብሰሽ ውሰጃት።

አጎትሽ ክሊፎርድ


ሀል፣ ማርች 14 ቀን 1981

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን አሉ? እኛ ደህና ነን። በረዶው ሟሟ። ቸኩያለሁና አጭር ይሆንብዎታል።

ተጻፈልን። ሙሉ ግማሽ ገጽ። የጻፈው ያው «ዓሣ ሻጭ» ያለኝ ሐያሲ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ይህ የማይቸኩል፣ የቀብር ሰልፍ ግርማ ያለው ሥራ ነው።» ደግሞም፦ «ከጉድጓድ ሥር የሚወጣ ድምፅ፤ በዚህ ዓመት ከሰማናቸው ሁሉ የከበደ።» ሌላም ቦታ ቡድናችንን በስሙ ጠርቶ፦ «ሦስተኛ ፈረቃ ከመጀመሪያው ጫጫታቸው ወጥተው ዝምታን አወቁ።»

ሮላንድ አምስት ሺህ ቅጂ ሊያትም ነው። እናቴ ገጹን ይዛ መንገዱን ሙሉ አዳርሳለች፤ ለዚህ ነው በእጄ ገልብጬ የላክሁልዎ።

ዴኒዝ


ፍሪማንትል፣ ማርች 27 ቀን 1981

ለዴኒዝ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ሐኪሙ ስለ እናትሽ ምን እንዳለ አልጻፍሽልኝም።

ግልባጭሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ለኤድናም አነበብኩላት። ደስ አለን። ነገር ግን አንቺ ፈጣን ነው ብለሽ ጻፍሽልኝ፣ ሰውየው የማይቸኩል ይላል። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ድምፅሽ የሚወጣው ከግንባርሽ ነው፣ ሰውየው ከጉድጓድ ሥር ይላል። በሁለት ዓመት ውስጥ የሰው ጉሮሮ እንዲህ አይገለበጥም። ሸክላው ገና አልደረሰኝም።

ግልባጭ ሳይሆን ጋዜጣውን ራሱን ላኪልኝ። እናትሽ አዳርሳ ስትጨርስ።

አጎትሽ ክሊፎርድ


ሀል፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1981

ይድረስ ለአጎቴ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐኪሙ የእናቴ ዳሌ ተከፍቶ መጠገን አለበት አለ። ወረፋ ይዘናል።

ጋዜጣውን አልልክልዎም፤ የሆነውን ልንገርዎ። ጋዜጣው በወጣ ቀን ሁላችንም የተጠበሰ የድንች ፓቲ የሚሸጥበት ቤት ተቀምጠን ነበር። ከበሮ መቺያችን ባሪ እንኳ ሰዓቱን አክብሮ መጥቷል። ትሬቨር ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኛ እንበላለን። «ዝግታ» ሲል ተያየን። ስድብ መስሎን ነበር። ትንሽ አነበበና ቆመ።

«ሰውየው ይላል እኮ» አለ።

«የቱ ሰውዬ?» አልኩት።

«ዘፋኙ። ‹ይህ ሰው ደረቱ ውስጥ ካቴድራል ተሸክሟል› ይላል።»

ባሪ ፓቲውን አስቀምጦ አገጬን ይዞ ወደ መብራቱ አዞረኝ። «ጢምሽን የት ደብቀሽው ኖሯል፣ ዴኒዝ?» አለ። የፓቲ ቤቱ ሴትዮ ሳትቀር ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ሸክላውን በሠላሳ ሦስት እስካዞረው ድረስ ሳቅኩ።

አጎቴ፣ ወንድ ነው። ከባድ፣ የደከመው፣ የሆነ ነገር ያየ ወንድ። ከበሮው በር የሚያንኳኳ ይመስላል። ሃያ ስድስቱ ደቂቃ ሠላሳ አምስት ሆኗል፤ የሌላው ሰው አልበም የሚያህል። ሐያሲው ባዶውን ክብ ወረቀት አይቶ ትልቅ ሸክላ ነውና እንደ ትልቅ ሸክላ አዞረው። ሁለቱ ሌሎች ጋዜጦች ደግሞ እሱን አንብበው እንደ እሱ አዞሩት። ከሠላሳው ቅጂ ባንዱም ላይ አልጻፍኩም። የጻፍኩት በእርስዎ ላይ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሮላንድ ቢሮ ገባን።

«ደውለን እንንገራቸው» አልኩ።

«ምን ብለን? የአገሩ ትልቁ ሐያሲ ሸክላ ማዞር አይችልም ብለን?»

«እንደሱ ብለን።»

«ዴኒዝ፣ የኔ ቆንጆ፣ ያ ሰውዬ ይሳቅብኛል ብሎ ካሰበ ከእንግዲህ አንድ መስመር አይጽፍልንም። ደግሞ ሸክላው አይነካ። ያንቺው ሥራ ነው፣ ያው። ክቡ ወረቀት ላይ ሠላሳ ሦስት ብለን እናትማለን፣ አለቀ።»

ትሬቨርን አየሁት። ጫማውን ያያል።

«መድረክ ላይስ?» አልኩ። «እኔ እዚያ ድረስ ዝቅ ማለት አልችልም።»

ሮላንድ ያንን አስቦበት ኖሯል። ኔቪል የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሠራተኞች ክበብ ይዘፍናል። ድምፁ እዚያ ይደርሳል። እሱ ከፊት ይቆማል፣ እኔ ከኋላ ኦርጋኑን እይዛለሁ። በሚቀጥለው ሸክላ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ። እሺ አልኩ። በእርጋታ ነው እሺ ያልኩት፣ ማንም አላስገደደኝም። ሌላው ምርጫ መባረር ነበር፤ እንዲህ ቢያንስ መድረኩ ላይ ነኝ።

ኔቪል ክፉ ሰው አይደለም። ቃላቱን እጁ መዳፍ ላይ ይጽፋቸዋል፣ ያልበውና ይጠፉበታል፤ ያኔ ከኦርጋኑ ጀርባ ሆኜ በሹክሹክታ አስታውሰዋለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ለማንም አይንገሩ፤ ለእናቴ አይጻፉላት፤ ለጋዜጣው ደግሞ በምንም ምክንያት አይጻፉ። ይህ ከታወቀ የምመለስበት ቦታም አይኖርም።

ዴኒዝ


ፍሪማንትል፣ ሜይ 3 ቀን 1981

ለዴኒዝ፣

ቸርነቱ አይለያችሁ። የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ከጻፍሽ ሰባት ሳምንት ሆነው። እናትሽም አትጽፍም። ኤድና ደውል ትለኛለች፤ ስልክ ላይ መጮህ አልወድም።

ሸክላው ባለፈው ማክሰኞ ደረሰ፣ ጫፉ ሳይሰበር። እንደጻፍሽው በአርባ አምስት አዞርኩት። አንቺው ነሽ። ከመጀመሪያው ቃል አወቅሁሽ። ሙዚቃው ለእኔ አይደለም፣ አላስመስልም። በአራተኛው ዘፈን ላይ ቸኩለሻል፣ በስድስተኛው ግን አንድም ፊደል አልጣልሽም። አላሳፈርሽኝም።

ሐሙስ ዕለት መርከበኞች ክበብ የአንድ መርከብ ወጥ ቤት ኃላፊ ያንን ጋዜጣ ጥሎት ሄደ። አገኘሁት። ለምን በእጅሽ እንደገለበጥሽው አሁን ገባኝ። «ይህ ሰው» ይላል፤ አምስት ጊዜ። ማፈርሽን አልነቅፍም፤ ዝም ማለትሽን ግን እነቅፋለሁ።

ስለዚህ ለጋዜጣው አዘጋጅ ጽፌያለሁ። ስምሽን፣ የዘመርሽበትን ጸሎት ቤት፣ ሸክላው በስንት ዙር እንደሚዞር፣ ሐያሲው ጆሮ ካለው ዳግመኛ እንዲሰማው። ሁለት ገጽ ነው፣ ስድብ የለበትም። ዓርብ ጧት በአደራ ፖስታ ላክሁት።

ምስጋና አያስፈልግም።

አጎትሽ ክሊፎርድ


ሀል፣ ጁን 2 ቀን 1981

ይድረስ ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላለፉ። የእኔን ሲያነቡ የእርስዎ ለንደን ገብቶ ነበር። ያ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ለራሴ እንዲህ እያልኩ ሁለት ሳምንት ቆየሁ።

አወጡት። የአንባቢ ደብዳቤዎች ገጽ ላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ «አጎት ከባሕር ማዶ ይጮኻል» የሚል ርዕስ ሰጥተው። እርስዎ ስለ ጸሎት ቤቱ የጻፉትን አልቆረጡትም፤ የሚያስቀው እሱ ነው ብለው ይሆናል። ከሥሩ ሐያሲው መልስ ሰጥቷል። ገጹን ቆርጬ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ፣ ግን ምናልባት መነጽርዎን ከማንሳትዎ በፊት እኔ ልንገርዎ፦ «ጌታዬ፣ እንዳዘዙኝ በአርባ አምስት አዞርኩት። ዓሣ ሻጯ ተመልሳ መጣች። አንባቢዎቼ ሠላሳ ሦስት ላይ እንዲተዉት እመክራለሁ። የእኔ ስህተት ከእነሱ ሐሳብ ይሻላል።»

ይሄው ነው። ሮላንድ ያፍራል ብሎ የፈራለት ሰውዬ አላፈረም። ሸክላው ደግሞ ከበፊቱ እጥፍ ይሸጣል። ልጆች በሁለቱም ፍጥነት እያዞሩ ይሳሳቃሉ። ሊድስ መድረክ ላይ ስንወጣ ከኋላ አንዱ «ኧረ አጎቷን ጥሩልን!» ብሎ ጮኸ። ኔቪል መዳፉን ማንበብ አቃተው።

ቅዳሜ ትሬቨር ቤት መጣ። አልገባም፣ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«አንቺ ነሽ ያጻፍሽው» አለኝ።

«አትጻፍ ነው ያልኩት። ዘግይቶ ደረሰው።»

«አድራሻውን ማን ሰጠው?»

«ጋዜጣው ላይ አለ፣ ትሬቨር። ሁሉም ጋዜጣ ላይ አድራሻ አለ።»

«እሺ፣ አላጻፍሽውም እንበል። ሰው ግን አሁን ኔቪልን አያይም፣ አንቺን ነው የሚያየው። ከኋላ ቆመሽ። እንዲህ መቀጠል አይቻልም።»

«ዘፈኖቹ የእኔ ናቸው። ቃሉ የእኔ ነው። ድምፁ ራሱ የእኔ ነው፣ አንተ ጅል።»

«አውቃለሁ» አለ። «ግን በዚያ ፍጥነት አይደለም።»

እናቴ ከውስጥ ሰምታ በከዘራዋ እየተደገፈች ወጣች። «አራት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብሎ የበላው ይሄ ነው?» አለች። «ክሊፎርድ ይበላል ወይ ሲል ይበላል ያልኩት እኔ፣ ምላሴን በቆረጠው!» ትሬቨር ለእሷ ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ። ኦርጋኑን ባሪ በማግስቱ በጋሪ ወሰደው።

ከቡድኑ በፊት የሠራሁበት ዓሣ ፋብሪካ መልሶ ቀጥሮኛል።

እናቴ አልተቆጣችዎትም፤ እኔ ግን ተቆጥቼ ነበር፣ አሁን በርዶልኛል። ነገር ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። በአሥራ አንድ ዓመቴ ከመዘምራኑ የፊት መስመር አውጥተው ከኋላ ያቆሙኝ እርስዎ ነዎት። እናቴ አንድ ወር አላናገረችዎትም፤ ልክ ግን ነበሩ፣ ያን ጊዜ ዜማው ጠፍቶኝ ነበር። ሰው ሁሉ እኔን ለማስደሰት ወይም ለማናደድ ነው የሚናገረው፤ እርስዎ ለሁለቱም አይናገሩም። ሸክላው ቤትዎ አለ። በሠላሳ ሦስት ደግሞ ያዙሩት። ከዚያ ይንገሩኝ፦ የትኛው ይሻላል?

አርባ አምስቱ ይሻላል ካሉኝ ሌላ ቡድን እሰበስባለሁ። ሁለት ልጆች ጠይቀውኛል። ጋዜጣው ያለውን ይበል።

ዴኒዝ


ፍሪማንትል፣ ጁላይ 29 ቀን 1981

ለዴኒዝ፣

እግዚአብሔር ብርታት ይስጥሽ። ኤድና ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ተሽሏታል። እዚህ ክረምት ነው ይሉታል፤ በሸሚዝ እንወጣለን።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰባት ሳምንት ሆነው። ማዘግየቴን ራሱን እንደ መልስ ትወስጂው ይሆናል ብዬ ነበር። ይህ ፈሪነት ነው፤ ስለዚህ ተቀመጥኩ።

ለጋዜጣው መጻፌ አደጋ አምጥቶብሻል። የጻፍኩት እውነት ነው፣ ቃሉን አላነሳም። ሳልጠይቅሽ መጻፌ ግን ልክ አልነበረም። ይህን ላንቺ ብቻ ሳይሆን ለእናትሽም ነው የምለው፤ አንብቢላት።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በመጀመሪያ ብቻዬን ሰማሁት፣ በሁለቱም። የራሴን ጆሮ ስላላመንኩት እሑድ ከጸሎት በኋላ መዘምራኖቹን አስቀምጬ፣ የማን እንደሆነ ሳልናገር፣ ስድስተኛውን ዘፈን ሁለት ጊዜ አሰማኋቸው። ከዚያ እጅ እንዲያወጡ ጠየቅኋቸው። ከስምንቱ ሰባቱ ሠላሳ ሦስቱን መረጡ። ስምንተኛዋ ኤድና ናት፤ እሷ ምን እንደምጠይቅ ታውቅ ነበር።

የእኔም እጅ ከሰባቱ ጋር ነው።

በአርባ አምስት ስሰማሽ፣ ተቀመጪ ከመባሏ በፊት ለመጨረስ የምትሮጥ ልጅ እሰማለሁ። ጎበዝ ናት፣ አትሳሳትም፣ ግን ትሮጣለች። በሠላሳ ሦስት እያንዳንዱ ቃል ቦታ ያገኛል። ቃላቱ ጥሩ መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ያ ሐያሲ ባለጌ ነው፣ ግን ያልተሰማውን አልጻፈም። ይህን ብጽፍልሽ ምን እንደሚያደርግሽ አውቃለሁ። ሌላ ብጽፍ ግን ከእንግዲህ የምጽፍልሽን ሁሉ አታምኚኝም፤ ልክም ትሆኛለሽ።

ትሬቨርና ያ ነጋዴ የሠሩብሽ በደል ነው። ሸክላው በዝግታ ቢሻልም በደል ነው። አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

አሁን የምጠይቅሽን መልሽልኝ። የእናትሽ ዳሌ ቀን ተቆረጠለት? የጓሮው ግንብ ዘንድሮም እንዳዘመመ ነው? በጸሎት ቤቱ አዲስ ሰባኪ መጣ ወይ? አንቺስ ትዘፍኛለሽ?

አጎትሽ ክሊፎርድ


ሀል፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1981

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለአቶ ክሊፎርድ ማርፍሊት፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? አክስቴ ከጉንፋኗ በመዳኗ ደስ ብሎናል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤዎን ለእናቴ አንብቤላታለሁ፣ እንዳዘዙኝ፣ ሙሉውን።

የእናቴ ዳሌ ሴፕቴምበር 8 ቀን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ሐኪሙ በደንብ ይዟል ብሏል። በሁለት ከዘራ ትሄዳለች፤ በአንዱ እኔን ትጠቁምበታለች።

የጓሮውን ግንብ ማዘጋጃ ቤቱ መጥቶ አፍርሶ እንደገና ሠርቶታል። ከበፊቱ ዝቅ ያለ ነው፣ የጎረቤት ድመት አሁን ሳትዘል ትገባለች።

አዲሱ ሰባኪ ከግሪምስቢ የመጣ ወጣት ነው። ስብከቱ አጭር በመሆኑ ሰው ወዶታል። መዘምራኑን እሱ ራሱ ይመራል።

ፋብሪካው ወደ ቀን ፈረቃ አዛውሮኛል። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ በሥራ ላይ አንነጋገርም፣ በእጅ ነው የምንግባባው። ደህና ነው።

የጠየቁኝን ሁሉ የመለስኩ ይመስለኛል።

ለአክስቴ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ
ዴኒዝ